«ሁሉንም ተካ» ያልኩበት ከሰዓት

ስልኬ በወር አንዴ ሁለቴ «አዲስ ቨርዥን መጥቷል፣ ይጫን?» ብሎ ይጠይቀኛል። ሰው ሁሉ ሳያነብ ነካ አድርጎ ያልፈዋል። እኔ ግን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፍቼው ወደ ጓዳ እገባለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ዛሬ በእኔ ስልክ ላይ የማንም ጤና አልተንጠለጠለም። ቢሆንም አልጭነውም። ልጄ «እማዬ፣ አንድ ቀን ይሄ ስልክ በእርጅና ይሞትብሻል» እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ። የእኔን ሥራ ሠርታ ብታውቀው እሷም ትደፋው ነበር።

ፈሪ ነኝ። ይህን የምለው ትሑት ለመባል አይደለም። አንዳንዱ በጉልበቱ፣ አንዳንዱ በምላሱ ያድራል፤ እኔ ግን መርካቶ ውስጥ በሚገኝ አንድ የምግብ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ከሃያ ዓመት በላይ የኖርኩት በፍርሃቴ ነው። ወንበሬን የተረከበችው ቤተልሔም የምትባል ጎበዝ ልጅ ናት። የመጨረሻው ቀን ላይ ጠርዙ የተበላ ጥቁር መዝገቤን ላስረክባት ስል በትሕትና ተቀበለችኝና «እትዬ፣ ይሄን ሁሉ እኮ አሁን ማሽኑ ራሱ ይይዘዋል» አለችኝ። አሳየችኝም። እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ፎልደር አለው፤ የሚጠቀምባቸው ፓኬጆች፣ ማለትም የስሌት ትእዛዞቹ፣ ከነቨርዥናቸው አንድ ፋይል ውስጥ ተቆልፈው ይቀመጣሉ፤ የአንዱ ሥራ ለውጥ ሌላውን አይነካም። ደስ አለኝ፣ ደግሞም ቅር አለኝ። ያን ጊዜ ይህ ነገር በእጄ ቢኖር ኖሮ አሁን የምጽፈውን አልጽፍም ነበር።

ሥራ የጀመርኩት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቅጽ በመቁጠር ነው። አለቃዬ ሦስት ቅጂ የሌለውን ወረቀት እንደተጻፈ የማይቆጥሩ ሰው ነበሩ። ደሞዙ ከቤት ኪራይና ከታክሲ አያልፍም። ወላጆቼ ከጎንደር መጥተው ሲኒማ ራስ አካባቢ ስለኖሩ፣ ላቦራቶሪው ሠራተኛ ሲፈልግ በእግሬ የምደርስበት ሥራ ነው ብዬ ተቀጠርኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን። በመስኮቱ ቀኑን ሙሉ የምን አለሽ ተራ የቆርቆሮ ቅጥቀጣ ይገባል። እንግዳ ሲመጣ ጆሮውን ይይዛል፤ እኛ ድምፁ ሲቆም ነው ምን ተፈጠረ ብለን ቀና የምንለው።

ሥራችን በዋናነት ለውዝና በርበሬ ነበር። ለውዝ ርጥበት ሲነካው ይሻግታል፤ ሻጋታው መርዝ ይተዋል። መርዙ አይታይም፣ ቢቆሉትም አይጠፋም። በልቶ እዚያው የሚወድቅ ሰው የለም። ቀስ ብሎ፣ በዓመታት ውስጥ ጉበትን ነው የሚጎዳው፤ ሕፃናት ላይ ደግሞ ይከፋል። ስለዚህ ነጋዴው ጭነቱን ከመሸጡ በፊት ናሙና ያመጣል፣ እኛ እንለካለን፣ ከተፈቀደው መጠን በታች ከሆነ ማህተም ያለበት ወረቀት እንሰጠዋለን። ማህተሙን ያየ ሰው ለውዙን ለልጁ ይሰጣል። እኔ ደግሞ ከመለኪያው መሣሪያ የወጣውን ቁጥር ተቀብዬ «ይለፍ» ወይም «አይለፍ» የሚለውን የማወጣው ሰው ነበርኩ።

ይህን ሥራ ያስተማሩኝ ጋሼ በላቸው ናቸው። የጎጃም ሰው፣ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ። ቆሎ ሲቀርብላቸው ለውዙን አንድ በአንድ ለቅመው የሳህኑ ጠርዝ ላይ ይደረድሩታል፤ ገብሱን ብቻ ይበላሉ። መጀመሪያ ሳያቸው ጥርሳቸውን የሚያማቸው መስሎኝ ነበር። ዓመት ሳይሞላኝ እኔም እለቅም ጀመር።

ስሌቱን ከካልኩሌተር አውጥተው አር ወደሚባለው የስታቲስቲክስ ቋንቋ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። አር ሰው የሚያወራው ቋንቋ አይደለም፤ ኮምፒውተር እንዲያሰላ የሚታዘዝበት ነው። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ለአንዳንድ ሥራ የሚሆን ትእዛዝ ጽፈው ፓኬጅ ብለው ያስቀምጣሉ። አንዱ ፋይል ያነባል፣ አንዱ አማካይ ያወጣል፣ አንዱ ሥዕል ይሥላል። ችግሩ አንድም ፓኬጅ ብቻውን አለመቆሙ ነው። ሥዕል የሚሥለው ቀለም በሚያውቅ ሌላ ፓኬጅ ላይ ይቆማል፣ ያኛውም ፋይል በሚያነብ በሌላ ላይ። አንዱን ስትጋብዢው ዘመድ አዝማዱን ይዞ ነው የሚመጣው።

ጋሼ በላቸው አዲስ ፓኬጅ ባሰኘኝ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ማን ላይ ነው የቆመው?» መልሱን በቃል አይቀበሉም። ወረቀት ላይ ስሞቹን ጽፌ፣ የትኛው በየትኛው ላይ እንደቆመ በመስመር አያይዤ ማሳየት አለብኝ። ከዚያ ጥቁሩ መዝገብ ላይ ይገባል፤ ምን ተጨመረ፣ ቨርዥኑ ስንት ነው፣ ማን ጨመረው፣ አብሮት ምን መጣ። ኮምፒውተሩ የሚያወጣውን መልእክት ደግሞ እንግሊዝኛውን በጎጃምኛ ቅላጼ፣ ቃል በቃል፣ ጮክ ብለው ሳያነቡ አይጫኑም። ሰዒድ፣ የላቦራቶሪው ቴክኒሻን፣ የወሎ ልጅ ነው፣ ቀልድ አያልቅበትም፤ «ጋሼ ወንጌል ጀመሩ» ብሎ በሩን ቀስ አድርጎ ይዘጋላቸው ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን የጧቱ ነገር። መልሱን አስቀድመን የምናውቀው አንድ ናሙና ነበረን። መልሱን ጋሼ ከመብራት ማብሪያው አጠገብ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ጽፈውታል፣ ከነአራት አሐዝ ሽርፍራፊው። በየጧቱ ሌላ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያ ናሙና ይሰላል። ስክሪኑ ላይ የወጣው ግድግዳው ላይ ካለው ጋር በአንድ አሐዝ ከተለያየ ያን ቀን ወረቀት አይወጣም፤ ነጋዴው በር ላይ ቢጮህም አይወጣም።

አንድ ጊዜ አንድ ፓኬጅ አዘምነን የላቦራቶሪው አራቱም ኮምፒውተሮች በስሕተት መልእክት ቀይ በቀይ ሆኑ። አራቱም ፓኬጆቻቸውን የሚያነቡት ከጋሼ ማሽን ላይ ካለ አንድ ፎልደር ነበር፤ ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ስለሆነ አንዴ የወረደውን ሁሉም እንዲጠቀምበት። እኔ አለቅስ ጀመር። ጋሼ የፎልደሩን ቅጂ የያዘ ሲዲያቸውን ከመሳቢያ አውጥተው የቀድሞውን ፎልደር መለሱና «ጥሩወርቅ፣ የሚጮኸውን ስሕተት አትፍሪ» አሉኝ። «እሱ ራሱ ይጠራሻል። እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ብሎ መልስ የሚሰጠው ነው።» ያን ጊዜ ገባኝ ብዬ ነበር። አልገባኝም።

እሳቸው ጡረታ ወጡና ወንበሩ የእኔ ሆነ። ሥራ አስኪያጁም ተቀየሩ፤ አቶ ደረጄ መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ላቦራቶሪው ሰው ፊት እንዲያምር የሚፈልጉ ሰው ነበሩ። በአንድ ክረምት ሰኞ ቀን ጠሩኝና ሐሙስ እንግዶች ስለሚመጡ ውጤቱ ሁሉ ባለቀለም ግራፍ ሆኖ እንዲቀርብ አዘዙኝ። ግራፉን የሚሠራው ፓኬጅ እኛ ዘንድ አልነበረም። ለማውረድ ስሞክር ከሥሩ ያሉትን በአዲስ ቨርዥን እፈልጋለሁ አለ። ማክሰኞ ኢንተርኔት ጠፋ። ረቡዕም የለም።

መርካቶ ኢንተርኔት ጠፋ ተብሎ ሥራ አይቆምም። ሲኒማ ራስ አጠገብ ፊልምና ዘፈን በፍላሽ የሚገለብጡ ኮምፒውተር ቤቶች አሉ፤ ለተማሪ ደግሞ ፕሮግራም ይገለብጣሉ። በምሳ ሰዓት ሄጄ የአር ፓኬጅ አላችሁ ወይ አልኩ። ልጁ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትቶት የሄደውን ሙሉ ፎልደር ሰጠኝ፤ ግራፉም ሌላውም ሁሉ አለበት። ከሻይ የማይበልጥ ከፍዬ እየሮጥኩ ተመለስኩ።

ፍላሹን ሰካሁ። ፎልደሩን ጎትቼ በእኛ ፎልደር ላይ ለጠፍኩት። ኮምፒውተሩ ጠየቀኝ፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸው አሉ፣ በአዲሶቹ ልተካቸው ወይ አለኝ። ዝርዝሩ ረጅም ነበር። ጮክ ብዬ አላነበብኩትም፤ በልቤም አላነበብኩትም። አቶ ደረጄ በሩ ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። «ሁሉንም ተካ» የሚለውን ተጫንኩ።

ግራፉ ወጣ፣ አማረም። አቶ ደረጄ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። መዝገቡ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ነገ እጽፈዋለሁ አልኩ። እውነቱን ለመናገር መጻፍ አፍሬ ነው፤ «ማን ላይ ነው የቆመው?» ለሚለው «ሲኒማ ራስ ላይ» ብዬ ልጽፍ አልፈለግኩም። በማግስቱ ጧት እየፈራሁ የታወቀውን ናሙና አሰላሁት። መልሱ ከግድግዳው ጋር እስከ አራተኛው አሐዝ አንድ ሆነ። እፎይ አልኩ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ ቀን ተረጋግቼ አላውቅም።

ክረምቱ ጠና። ጆንያዎቹ እያላባቸው ይመጣሉ፣ የላቦራቶሪው ግድግዳ ራሱ ይረጥባል። ሁለት ሳምንት ያህል እንዳለፈ ሰዒድ የቀኑን ንባብ ይዞልኝ መጣና ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ ጥሩ፣ ዘንድሮ ለውዙ ተውበት ገብቷል መሰለኝ» አለኝ። «በክረምት እንዲህ ንጹሕ ሆኖልን አያውቅም።»

ሳቅኩለት። እሱ ወጣ። ሳቁ ፊቴ ላይ እንዳለ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ የሁለት ሳምንቱን ወረቀቶች ገለበጥኩ። እውነቱን ነው፤ ክረምት ነው፣ ግን አንድም «አይለፍ» የለም።

ባለፈው ዓመት መጥፎ ሆኖ የወደቀ አንድ ጭነት አስታወስኩ። የድሮውን ቁጥር አውጥቼ እንደገና አሰላሁት። «ይለፍ» አለ። ደገምኩት። «ይለፍ» አለ። የምን አለሽ ተራ መዶሻ እየቀጠቀጠ ነበር፣ እኔ ግን አልሰማውም።

ነገሩን ለማግኘት እስከ ከሰዓት ፈጀብኝ፤ ሲገኝ ግን ትንሽ ነገር ነው። እያንዳንዱን ናሙና ሦስት ጊዜ እንለካዋለን። መሣሪያችን አርጅቶ ስለነበር አንዳንዴ አንዱን ንባብ ማየት ያቅተውና በቁጥሩ ቦታ ሰረዝ ይጥላል። የድሮው ፓኬጅ ሰረዙን ይተውና የቀሩትን ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ያካፍላል። ከሲኒማ ራስ የመጣው አዲሱ ቨርዥን ሰረዙን ዜሮ ብሎ ያነበዋል፤ ከዚያ ለሦስት ያካፍላል። መርዙ በወረቀት ላይ በሲሶ ቀነሰ። ክረምት ሲሆን ደግሞ መሣሪያው ርጥበት ስለማይወድ ሰረዙ ይበዛል። ሻጋታው በሚብስበት ወቅት እኛ ይበልጥ ንጹሕ እያልን ነበር። ጋሼ ግድግዳ ላይ የጻፉት ናሙና አንድም ሰረዝ የለበትም፤ ስለዚህ በየጧቱ ትክክል ነሽ ይለኛል።

የጋሼን ሲዲ አውጥቼ የቀድሞውን ፎልደር መለስኩ። የሁለቱን ሳምንት ጭነቶች ሁሉ እንደገና አሰላሁ። አራቱ አያልፉም ነበር። ከአራቱ አንዱ ከተፈቀደው ብዙ ያልፋል።

አሁን የማወራው የማፍርበትን ነው። ሲዲውን ስመልስ ስሕተቱ ከኮምፒውተሩ ላይ ጠፍቷል። መዝገቡ ላይ አልተጻፈም። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ግማሽ ሰዓት ያህል እጄን ጭኔ መሀል ከትቼ ተቀመጥኩ። ፖሊስ ጣቢያ ታየኝ፤ ልጆቼ ስንቅ ይዘው በር ላይ ሲቆሙ ታየኝ። ዝም ብል ምን እሆናለሁ ብዬ አሰብኩ፤ ምንም አልሆንም። ከሁሉ ያስፈራኝ ይሄ ነበር፣ ምንም አለመሆኔ። ተነስቼ ለጋሼ በላቸው ቤት ስልክ ደወልኩ። ከፍላሹ እስከ ሰረዙ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ምን ዓይነት ፓኬጅ እንደሆነ፣ በማን ላይ እንደቆመ ይጠይቁኛል ብዬ ወረቀት ይዤ ነበር።

«ፓኬጁን ተዪው፣ የትም አይሄድም» አሉኝ። «ለውዙን ማን በላው?»

ወደ አቶ ደረጄ ቢሮ ገባሁ። ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተደግፈው ሰሙኝና ፊታቸው ተለወጠ። ሦስቱ ጭነቶች እህል በረንዳ መጋዘን ውስጥ እንዳሉ በስልክ አረጋገጡ፤ ዳግም ምርመራ ያስፈልጋል ብለው አሳገዱ። አራተኛውን፣ ከሁሉ የከፋውን፣ የገዛችው እትዬ ዘይነባ ነበረች፤ የሕፃናት ገንፎ ዱቄት አዘጋጅታ የምትሸጥ የወሎ ሴት። ለውዙን ቆልታ ከገብስና ከአጃ ጋር ታስፈጨዋለች። አቶ ደረጄ ደወሉላት። ተፈጭቷል፣ እየተሸጠም ነው አለቻቸው። ስልኩን ዘግተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ የተበላን ነገር ከሰው ሆድ ማውጣት አንችልም። ከተናገርን ላቦራቶሪው ይዘጋል፣ እርስዎም ይጠየቃሉ። ትንሽ እናስብበት።»

አስቤበታለሁ አልኳቸው። ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም እንጂ ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ።

እትዬ ዘይነባ ሱቋ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጭኗ ላይ የልጇ ልጅ ሂክማ አለች፤ ገና ዓመት አልሞላትም፣ አገጯ ላይ ገንፎ ደርቋል። የእኛ ወረቀት በላስቲክ ተሸፍኖ ከጀርባቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ።

«እትዬ ዘይነባ፣ ያ ወረቀት ትክክል አይደለም» አልኩ። «ስሕተቱ የእኔ ነው። ለውዙ መርዝ አለበት።»

ወረቀቱን ዞራ አየችው፣ ከዚያ እኔን። «ማህተም አለው እኮ» አለችኝ በቀስታ። «ማንበብ ለማይችሉት እናቶች ማህተሙን ነው የማሳያቸው።» ያልሰማችኝ መስሎኝ መድገም ጀመርኩ። እጇን አነሳች። የልጅቷን አገጭ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ደጋግማ፣ ቆዳው እስኪቀላ። «ይቺ ከበላች ስንት ቀኗ ነው?» አለችኝ። ቀኑን እኔ ነበርኩ የማውቀው፤ ወረቀቱን የፈረምኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ቀን አልኳት።

ትጮሃለች፣ ሰው ትሰበስብብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትጮህ ይቀለኝ ነበር። ወረቀቱን ከግድግዳው አውርዳ ለሁለት አጠፈችው፣ ልጅቷን አዘለች፣ ሱቁን ዘጋች። «ነይ» አለችኝ።

የሸጠችላቸውን ሰዎች ስም በደብተር አልያዘችም፤ እናቶቹን በልጆቻቸው ስም ነው የምታውቃቸው። የሰሚራ እናት፣ የናትናኤል እናት፣ የመንትዮቹ እናት። ዝናቡ ይወርዳል፣ በየቀጭኑ መንገድ በሸክምና በጋሪ መሀል እየተጋፋን ከበር በር ሄድን። በየደጁ የምትናገረው እሷ ናት፤ ስሕተቱ የማን እንደሆነ ግን አልተናገረችም፤ ያንን ለእኔ ትተወዋለች። እኔም በየደጁ «የእኔ ነው» እላለሁ። አንዷ ሰደበችኝ። አንዷ ከረጢቱን አምጥታ እግሬ ሥር አፈሰሰችው። የመንትዮቹ እናት ግን ሁለቱን ይዛ በር ላይ ቆመችና ዱቄቱ ትናንት አልቋል አለችን፤ ምንም አልተቆጣችም።

«ምን ይሆናሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ለዓመታት እስከ አራተኛው አሐዝ መልስ የሰጠሁ ሰው ነኝ። «አላውቅም» አልኳት። እስካሁን ጆሮዬ ላይ የቀረው የራሴ ድምፅ ነው።

ያገኘነውን ዱቄት ሰብስበን አቃጠልነው። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና የደሞዝ ቅጣት ደረሰኝ። ላቦራቶሪው አልተዘጋም፤ አቶ ደረጄም በመጨረሻ ራሳቸው ለሚመለከተው አካል ሪፖርት አደረጉ፤ ይህን ለክብራቸው እጽፈዋለሁ። ልጆቹን ሐኪም እንዲያያቸው አደረግን። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው። ጥቂት ቀን ስለሆነ ምናልባት ምንም ላይሆኑ ይችላሉ አለን። ማወቂያ የለውም፣ ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ ወይም በቀኝ ጎናቸው ከጎድን ሥር ካመማቸው አምጧቸው አለ። «ምናልባት» የሚለውን ቃል ይዤው ወጣሁ፤ እስከ ዛሬ አልተለየኝም።

አሠራሬን ለወጥኩ። ለጧቱ ፍተሻ ከአንድ ናሙና ይልቅ አሥራ ሁለት አደረግኩ፤ ሰረዝ ያለበት፣ ባዶ መስመር ያለበት፣ ቁጥሩ በቃል የተጻፈበት፣ ሊያበላሽ የሚችለውን ሁሉ ሆን ብዬ አበላሽቼ። ፓኬጅ ለመቀየር ሁለት ሰው እንዲፈርም አደረግኩ። ጥቁሩ መዝገብ ላይ ያን ረቡዕ ዘግይቼም ቢሆን ጻፍኩት፤ ፍላሹን፣ ሲኒማ ራስን፣ ስሜን። ሰዒድ ቀልዱን አልተወም፣ ለውዝ ላይ ግን ቀልዶ አያውቅም። ራሴን አንድ ነገር አስማልኩ፤ ስለ ሠራሁት ስሕተት ስጠየቅ ዝም አልልም፤ ማንም ቢጠይቀኝ፣ መቼም ቢሆን።

እትዬ ዘይነባ ከዚያ በኋላም ዱቄት ትሸጣለች፣ ለውዝ ግን አታስገባበትም። ሰላምታዋን አልነፈገችኝም። ቤታችን ቅርብ ስለሆነ ሂክማ ስታድግ አየኋት፤ ስትቆም፣ ስትሮጥ፣ ደብተር ስትይዝ። ባገኘኋት ቁጥር ከሰላምታ በፊት ዓይኗን ነው የማየው፤ ነጩን። መንትዮቹንም እንዲሁ፤ እነሱ ግን ሰፈር ቀየሩ፣ የት እንደሄዱ አላውቅም። ለእነሱ የምፈራው በጨለማ ነው።

ሂክማ ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ናት፣ ጥያቄ የማያልቅባት ልጅ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጧት ጧት ደጄ ላይ ፀሐይ ስሞቅ ትምህርት ቤት ስትሄድ ታልፋለች። ከሁለት ወር በፊት አንድ ጧት ቆም አለችና «እማማ ጥሩ፣ ሁልጊዜ ዓይኔን ለምንድን ነው የሚያዩኝ?» አለችኝ።

ምንም የለም ማለት እችል ነበር። ታምራለሽ ብዬ ነው ማለት እችል ነበር፤ ታምራለችም። የማልኩት ግን አፌን ያዘኝ። አጠገቤ አስቀመጥኳትና ነገርኳት፤ ስለ ፍላሹ፣ ስለ ሰረዙ፣ ስለ ዘጠኙ ቀን። ምናልባት ምንም አይሆንም ያለውን ሐኪምም ነገርኳት፤ ያንን ሦስት ጊዜ ደገምኩላት። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችኝም። ሲያልቅ ጥያቄዋ አንድ ነበር።

«ጉበት የት ጋ ነው?»

እጇን ይዤ በቀኝ ጎኗ፣ ከጎድኗ ሥር አስቀመጥኩላት። ትንሽ ጫን አድርጋ ነካችው። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።

አሁንም በየጧቱ ታልፋለች፣ «እንዴት አደሩ» ትለኛለች። ዓይኗ ነጭ ነው፤ አያለሁ። ቦርሳዋን ግን በግራ ትከሻዋ መያዝ ጀምራለች። ቀኝ እጇ ከዩኒፎርሟ ሥር ጎኗ ላይ ነው፤ እስከ መንገዱ ጫፍ ድረስ በዓይኔ ስከተላት አታነሳውም።